ፌስታል ውስጥ የታፈነው ሹራብ

ዛሬ ጠዋት የልጄን የትምህርት ቤት ቦርሳ ስከፍት የተቀበለኝን ሽታ ለማንም አልመኝም። ሐሙስ ዕለት ዝናብ የመታውን ሹራቧን ጠቅልላ ፌስታል ውስጥ ከታ አፉን ሁለት ጊዜ ቋጥራዋለች፤ ያውም "ደብተሬን እንዳያረጥብብኝ" ብላ! ትነት ምንድን ነው ብትሏት ግን ትንፋሽ ሳትወስድ ታነበንብላችኋለች፤ "ትነት ማለት ፈሳሽ ወደ ጋዝ የሚለወጥበት ሂደት ነው።" ሂደቱ ሹራቧንም እንደሚመለከት ማን ይንገራት? እኔ እንደሆንኩ ነግሬ ነግሬ ታክቶኛል።

የብስጭቴ ግማሹ ግን በራሴ ነው፤ ሽታውን አውቀዋለሁና። በልጅነቴ አጋሮ፣ እኛ ጓሮ፣ ቀዩ ቡና ከነገለባው የሽቦ አልጋ ላይ ይሰጣ ነበር፤ አባቴ በማለዳ ተነስተው በእጃቸው ያገላብጡትና አንዷን ፍሬ ጆሯቸው ሥር ነቅነቅ አድርገው መድረቋን ያዳምጣሉ። ጅማ አክስቴ ዘንድ ሄጄ መማሬ የዚያ ዓመት ቡና ላይ የተንጠለጠለ ነበር። አባቴ ለቀብር ሩቅ አገር ሲሄዱ "ዳመና ሲመጣ ሸፍኚ፣ ሲያልፍ ግለጪ" ብለው አደራ ሰጡኝ። እኔ በሳይንስ ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት ብልጥ ግን፣ ላስቲክ ሥር ሙቀቱ ስለሚብስ ቶሎ ይደርቃል ብዬ፣ ሸፍኜ ዳርና ዳሩን በድንጋይ አጥብቄ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በራሴ እየተደነቅሁ ተቀመጥኩ።

አባቴ ተመልሰው ላስቲኩን ሲያነሱት ከሥሩ ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ቡናው ሻግቶ ይሸታል።

"ያ ረቢ!" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ መዳፌን ይዘው እርጥቡ ላስቲክ ላይ አሳረፉት። "ማሎ፣ እባክሽ ልጄ፣ ይሄ ውሃ መውጫ ከከለከልሽው የት ይሂድ?"

ነጋዴው መጥቶ ቡናውን አሽትቶ ፊቱን ሲያጨማድድ፣ በቡናቸው ጥራት ስማቸው የሚጠራው አባቴ፣ እኔ በሩ ጀርባ ቆሜ እየሰማሁ፣ "እኔ ነኝ የሸፈንኩት" አሉ። ጅማ የገባሁት አንድ ዓመት ዘግይቼ ነው።

ዛሬ ልጄን ጠርቼ ልጮህባት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። መዳፏን ይዤ ፌስታሉ ውስጥ የተለጠፈው ጠብታ ላይ አሳረፍኩት።

"እማዬ፣ መውጫ አጥቶ ነው?" አለችኝ።

ሹራቡን አጥበን ገመድ ላይ አሰጣነው፤ ከሰዓት በኋላ ላይ ደረቀ። አባቴ ከሞቱ ብዙ ዓመት አለፈ፤ ያን ቀን ከበሩ ጀርባ ወጥቼ "አይ፣ እኔ ነኝ" አለማለቴ ግን እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።