በሩን ማን ለካው?

ዊልቸሩ በበሩ አልገባም። በሩ በአራት ጣት ጠበበው።

ዛሬ ጠዋት የበጎ አድራጎት ክበባችን አባላት ዘጠኝ ሆነን፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰን፣ ዊልቸሩን ልንሰጣቸው እዚሁ አዳማ ጋሽ ቶሎሳ ቤት ሄድን። ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ ዓመት ሙሉ ከቤት አልወጡም።

"ተሸክመን እናውጣዎት?" አልናቸው።

"ሬሳ ነኝ እንዴ?" አሉ።

ሊቀመንበራችን "በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ እናስይዘዋለን" አለ። ደሜ ፈላ። ግን ምን አፍ አለኝ? የዊልቸሩን መጠየቂያ ደብዳቤ አራት ጊዜ ያረምኩት እኔ ነኝ፣ ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር። በሩን ልለካ ያልኩበት ቀን ግን የለም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጫልቱ አጀንዳ አልጠበቁም። ጎረቤታቸውን አናጢውን "ከድር፣ ኮቱ! መዶሻህን ይዘህ ና!" ብለው ተጣሩ። ከድር በሩን ከነመቃኑ ነቀለው።

ጋሽ ቶሎሳ ዊልቸሩ ላይ ተቀምጠው፣ ጎማውን በእጃቸው እየገፉ አስፋልቱ ድረስ ወጡ። "ገለል በሉ፣ ፍሬኑን ገና አላመንኩትም!"

ክበባችን ፎቶ ተነስቶ ተበተነ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ መቀመጥ አቃተኝ። ሰዎቹ ዛሬ ያለ በር ሊያድሩ ነው። ሰፋ ያለ በር ልገዛ እየወጣሁ ነው፤ ሜትር ይዣለሁ።

እናንተስ፣ ሳትለኩ የሰጣችሁት እርዳታ የለም? እስቲ ጻፉልኝ።