የባልና ሚስቱ መርፌ

ገርጂ በነበረች አንዲት ክሊኒክ ነርስ ሳለሁ፣ ኤድስ ገና በሹክሹክታ የሚጠራ ነገር ነበር። የስኳር ሕመምተኞቻችን ያገለገለ መርፌያቸውን መልሰው አዲስ ይወስዳሉ፤ እኔ ደግሞ እግረ መንገዳቸውን ለኤድስና ለጉበት እንዲመረመሩ እጨቀጭቃቸዋለሁ።

ከእነሱ መካከል በሰፈሩ ሱቅ የነበራቸው የወሎ ባልና ሚስት ሁለቱም ስኳር ነበረባቸው፤ መርፌያቸው ግን አንድ ነበር። «በሽታ ይጋባባችኋል፣ ለየብቻ አድርጉት!» ብዬ ስቆጣ ሚስትየው ይብሱን ተቆጡ።

«ሠላሳ ዓመት ከአንድ ትሪ በልተን ዛሬ መርፌ እንለይ? ጎረቤት ቢሰማ ተኳረፉ አይልም?»

«ትሪው አንድ ይሁን እናቴ፤ መርፌው ነው ሁለት የሚሆነው!»

በሳምንቱ ሚስትየው ከባላቸው ጋር ሁለት መርፌ ይዘው መጡ። እንዳይቀያየር ብለው በራሳቸው መርፌ ላይ አረንጓዴ፣ በባላቸው መርፌ ላይ ቀይ ክር አስረዋል። ደስ ብሎኝ ለምርመራ ደም የሚሰጡበትን ወንበር ሳብኩላቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው ሊቀመጡ ሲሉ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተስ ልጄ፣ ተመርምረሃል?»

ስንቱን ስጨቀጭቅ ኖሬ፣ እኔ ራሴ አንድም ቀን አልተመረመርኩም ነበር። «እኔ እንኳ ገና ነኝ» አልኩ። ባልየው ሳቃቸውን ለቀቁት። ሚስትየው ግን ወንበሩን ወደ እኔ ገፉት።

«በል ቅደም። አይዞህ፣ እኛ እዚሁ ነን።»