የዋጥኳት ክኒን

ያን ቀን የሠራሁት ሥራ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ፤ ሚስቴ እንድትወልድ የታዘዘላትን ክኒን እኔ ዋጥኩት።

በደርግ ጊዜ ነው። ሱዳን ጠረፍ፣ ሸሕዲ ትራክተር እነዳ ነበር። ከተጋባን ስድስት ዓመት አልፎን ልጅ የለንም። የሚስቴ የወር አበባ ሲያሻው በዓመት ሁለቴ ብቅ ይላል፤ አገጯ ላይም ፀጉር ይበቅልባታል። «ከኔ ጢም ያንቺ ይሻላል» ስላት በማማሰያ ታባርረኛለች።

ጎንደር ወሰድኳት። ሐኪሙ መርምሯት፣ «እንቁላሉ አለ፤ ከከረጢቱ አይወጣም። አፉን ያልከፈተ ሰሊጥ በሉት» አለን። ሳቄ መጣ። እኛ ቆለኞቹ ሰሊጡ አፉን ከፍቶ ሳይረግፍ ለማጨድ ስንራወጥ ነፍሳችን ይወጣል፤ ይኼ ሰው አፍ ማስከፈቻ መድኃኒት ይሰጠናል! መጀመሪያ ደሟን የሚያመጣ፣ ቀጥሎ በቀን አንድ የሚዋጥ አምስት ክኒን አዘዘ። «ካልሠራ መጠኑን እንጨምራለን። እሱም እምቢ ካለ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና አለ።» ቀዶ ሕክምና ሲል ሚስቴ እጄን ጨመደደችው።

ደሟ መጣ፤ ክኒኑ የሚጀመርበት ቀን ደረሰ። መዳፏ ላይ አድርጋ ታገላብጠዋለች።

«መውለጃው ይሁን መከልከያው በምን አውቃለሁ?»

በአገራችን ጠላ የሚቀዳ ሰው ጠጪው እንዳይጠረጥር አስቀድሞ ይቀምሳል። እኔም «ይኸው ቀመስኩልሽ!» ብዬ ዋጥ።

«አንተ! ጠላ እኮ ቢቀመስ ይተርፋል!»

ክሊኒክ ሮጥኩ። ሐኪምም ነርስም የሆነልን ድሬሰር ስቆ ስቆ እንባውን ጠረገና፣ «ጓድ፣ ካረገዙ ይምጡ» አለኝ። ክኒኑ እሱ ዘንድ የለም። ክረምት ነው፤ እኔ ክኒኑን፣ ጭቃው የጎንደርን መንገድ ውጠናል።

ቤት ስመለስ ሚስቴ ከቀሩት አራቱ አንዱን ውጣ ስታስብ ቆየችኝ። ድንገት ብድግ አለች።

«ጎረቤታችን እንደኔው የአገጯን ፀጉር በክር ስትነቅል አይቻታለሁ!»

ጎረቤታችን ከገዳሪፍ ሽቶ እያመጣች የምትሸጥ ሴት ናት፤ ያኔ ሆዷ ገፍቷል። ነገሩን ስንነግራት ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች፤ ከዚያም ከሽቶው ሣጥን ሥር፣ ለእሷ ከታዘዘላት የተረፈች አንዲት ክኒን አወጣች። ለካ አጥር ለአጥር ሆነን አንድ ሕመም እንደባበቅ ነበር! ድሬሰሩም አይቶ «ያው ናት» አለን።

«ብድር ነው፣ ወንድም ጋሼ» አለችኝ። «ለሁለተኛው ልጅ ስፈልጋት ትመልሳታለህ።»

የሚቀጥለው ደም ቀረ። መቅረቱን ለምደነዋልና ልብም አላልነው። በኋላ ግን የልብሴ የናፍጣ ሽታ ያስመልሳት ጀመር። በትራክተሬ እየበረርን ክሊኒክ ገባን። ድሬሰሩ ቀና ብሎ አየንና፣

«ጓድ፣ ከሁለታችሁ ማናችሁ?»

እሷ ነበረች! በመንገዱ ሁሉ ስጨፍር ትራክተሬን ክሊኒኩ ደጅ ረስቼው መጣሁ።

ጎረቤታችን ያለ መድኃኒት ሦስት ደገመች፤ ክኒኗን አልፈለገቻትም። ግን ዛሬም ከልጄ ጋር ስታየኝ በአጥሩ ላይ ብቅ ትልና፣ «ኧረ ክኒኔን!» ትለኛለች።