የአባቴ መኪና የጨሞጋን ዳገት የወጣችበት ሰኞ

ልጅ እያለሁ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ማርሿን በራሷ የምትቀይር የጭነት መኪና አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም የኛ ነበረች። ሌላ ኖሮ ከሆነ እኔ አላየሁም፤ አለ ብትሉኝም አላምንም። ከአንድ የመንገድ ሥራ የተረፈች፣ ቀለሟ የተላላጠ፣ ጨረታ ላይ ማንም ዋጋ ሊሰጥባት ያልፈለገ አሮጊት ነበረች። የሰፈር ልጆች «የሰነፍ መኪና» ይሏታል። እኔ ደግሞ ይህን ስም በሰማሁ ቁጥር ድንጋይ አንሥቼ አባርራቸዋለሁ። ከወንዶች ጋር መደባደብ የጀመርኩት በዚች መኪና ምክንያት ነው ብል አላጋነንኩም።

አባቴ ከስንፍና ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም። እኔ ከመወለዴ በፊት ከመኪና ላይ የሚያራግፈው ግንድ ተንከባሎ ግራ ጉልበቱን ሰበረው። አጥንቱ ገጠመ፤ ጉልበቱ ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፍ አለ። የማይታጠፍ እግር ፍሪሲዮን አይረግጥም፤ ፍሪሲዮን ካልተረገጠ ደግሞ ማርሽ አይገባም። ስለዚህ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ መሪ ይዞ የኖረው ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሰው መኪና ሲያልፍ በድምፁ ብቻ እየለየ «ይሄ ሁለተኛ ላይ ዘገየ፣ ሦስተኛ ማስገባት ነበረበት» ይል ነበር አሉ። እናቴ ይህን ስታወራ እስከ ዛሬ ዓይኗ እንባ ያቀራል። ሁለት መርገጫ ብቻ ያላት፣ ቀኝ እግር የሚበቃት መኪና ስትገኝ ቤታችን ውስጥ ሠርግ የገባ ነው የመሰለው።

ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዋን ማጠብ የኔ ሥራ ነበር። ትንሽ ስለነበርኩ ሆዷ ሥር ተንፏቅቄ እገባለሁ፤ ሌላው ሰው ከላይ ሲያያት እኔ ከታች አውቃታለሁ። ማርሿን የሚቀይረው ካምቢዮዋ የሚጠጣው ዘይት እንደ ከረሜላ ቀይ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው የመሪ ዘይት እየተባለ ነው፤ የከተማው ሹፌር ሁሉ መሪ ለማለስለስ ብቻ ይገዛዋል። ሽታው ትንሽ ይጣፍጣል፣ ትንሽ ያቅለሸልሻል። ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እንኳን እጄን ሳሸተው አባቴ አጠገቤ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ጥር ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ጤፍ ተወቅቶ ጭነት የሚበዛበት፣ አቧራው ጉልበት የሚደርስበት ወር ነው። ከሉማሜ ጭነን ስንመለስ የጨሞጋን ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን እንደጀመርን ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን ቆመች። አባቴ ነዳጅ ሲሰጣት ትጮኻለች እንጂ አንድ እርምጃ አትሄድም። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ተሰብስቦ ገፋን። ከሚገፉት አንዱ እየሳቀ «በራሷ ነው የምትቀይረው አላላችሁም?» አለ። እኔ መለስኩለት፤ ምን እንዳልኩት ግን እዚህ አልጽፈውም።

ጋሽ አላምረው የተባለ መካኒክ ነበር፤ የአባቴ ጓደኛ፣ ካምቢዮ ዓይኑን ጨፍኖ ፈትቶ የሚገጥም ሰው። የኛን መኪና ግን ሁልጊዜ በጎሪጥ ነው የሚያያት። ሞተሩን አጥፍቶ የዘይት መለኪያውን መዘዘ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ እንደገና ከትቶ አወጣና «ሙሉ ነው» አለ። ያፈስ እንደሆነ ለማወቅ ከሥሯ ካርቶን አንጥፎ አሳደረ። ሲነጋ ካርቶኑ ደረቅ ነበር።

«ምናልባት ቀይዋ ቀጥናባት ይሆናል» ብሎ የሌሎቹ መኪኖች ካምቢዮ የሚወስደውን ወፍራም ዘይት ገለበጠባት። በማግስቱ የጥር ብርድ ላይ ብናስነሣት ከግቢ ንቅንቅ አልልም አለች። ዘይቱ ሲወጣ እንደ ማር እየተጎተተ ነበር። ቀዩን መልሰን ሞላን፤ ሞተሯ ጠፍቶ ሲለካ አሁንም ሙሉ ነው። ዳገት ላይ አሁንም እምቢ አለች።

ጋሽ አላምረው እጁን በናፍጣ እየታጠበ ፈረደባት። «ዘይቷ ሙሉ ነው፣ አታፈስም፤ እንግዲህ ውስጧ አልቋል። እኔ ጋ የእጅ ማርሽ ያለው ካምቢዮ አለ። ሰኞ እገጥምልሃለሁ። ሹፌር ትቀጥርና አንተ አጠገቡ ትቀመጣለህ» አለው። ክፋት የለበትም፤ የሚያውቀው መፍትሔ ይኸው ነው። አባቴ «እሺ» አለና ወደ ቤት ገባ። ምሳ ቀርቦለት አልበላም። ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ግራ ጉልበቱን በመዳፉ ሲያሸው አየሁት። ልጅ ብሆንም ገባኝ፤ መኪናዋ መሥራቷን ትቀጥላለች፣ አባቴ ግን ወደዚያ ደጃፍ ሊመለስ ነው።

ቅዳሜ እንደ ልማዴ ባልዲዬን ይዤ ከሥሯ ገባሁ። ሆዷ በሙሉ አቧራ ለብሶ ነጥቷል። ከፊት በኩል ብቻ፣ ዘይቱ እየሄደ የሚቀዘቅዝበት የጎማ ቱቦ ከራዲያተሩ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ፣ አቧራው ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ዝናብ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው። በጣቴ ነካሁና አሸተትኩት። ያ የማውቀው ሽታ ነው።

እየሮጥኩ ስወጣ አባቴና ጋሽ አላምረው ከጎረቤታችን ከመሪጌታ ልሳነ ወርቅ ጋር ቆመው ነበር። መሪጌታ ለተማሪዎቻቸው ከሉማሜ የተሰጠ እህል ሰኞ እንዲመጣላቸው ሊጠይቁ ነው የመጡት፤ አባቴም መኪናዋ እንደማትደርስላቸው እየነገራቸው ነበር። ያየሁትን ተናገርኩ። ጋሽ አላምረው ሳቀ። «የኔ ልጅ፣ ካርቶኑ ደረቅ ነው እኮ! የድሮ ቅባት አቧራ ይዞ ነው። አሁን የትልቅ ሰው ጨዋታ ላይ ነን።»

«ልጅቱ ትናገር እንጂ» አሉ መሪጌታ፣ ጭራቸውን ከትከሻቸው እያወረዱ። «ተማሪ ሲጠይቅ ዝም በል የሚል መምህር እኔ አላውቅም። በይ ትጓደድ፣ ጨርሺ» ብለው በስሜ ጠሩኝ።

እንኳን ልጨርስ፣ ምን እንደምጨምር አላውቅም ነበር። የዚያን ጊዜ ዓይኔ በራችን ላይ ካለው የውኃ ቧንቧ ላይ ዐረፈ። ቧንቧው ስንጥቅ አለው። ውኃ ወደ ሰፈራችን የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ በሌላው ቀን ቧንቧው ደረቅ ነው፣ ውኃው በመጣ ቀን ግን ስንጥቁ እየረጨ ጭቃ ያደርገናል።

«ጋሽ አላምረው፣ ውኃ ባልመጣበት ቀን ቧንቧው ያፈሳል እንዴ?» አልኩት። «ካርቶኑን ያነጠፍከው መኪናዋ ተኝታ ነው። ስትሠራስ?»

አባቴ እያነከሰ ሄዶ ሞተሩን አስነሣ። እኔ ካርቶኑን ከቱቦው ሥር አነጠፍኩ። እስክትሞቅ ጠበቅን፤ በሕይወቴ ያን ያህል ረጅም ጥበቃ አላውቅም። ከዚያ አባቴ ነዳጅ ሰጣት። ጠብ አለ። ቀይ። ደገመ። ቀጥሎ እንደ መርፌ የቀጠነ ቀይ ክር ካርቶኑ ላይ ወረደ። እኔ ከሥሯ ሆኜ «አፈሰሰች! አፈሰሰች!» ብዬ የጮኽኩትን ጩኸት የሰማ ሰው የጥምቀት ታቦት መጥቶ ደጃችን የደረሰ ሊመስለው ይችላል።

አባቴ በዚያው ሳያጠፋት የዘይት መለኪያውን ሊመዝዝ ሄደ። ጋሽ አላምረው «ኧረ ሞተር እየሠራ ዘይት አይለካም!» ብሎ እጁን ያዘው። ይህን ያለው የሞተር ዘይት ሲለካ ስለኖረ ነው። አባቴ እጁን አስለቅቆ መዘዘው። ጫፉ ብቻ ነው የረጠበው። ሞተሩ ሲሠራ ዘይቱ ተነሥቶ ሥራ ላይ ይሰማራል፣ ሲጠፋ ግን ተመልሶ ከታች ይተኛል፤ እኛ ሙሉ ነው እያልን ስንለካ የከረምነው የተኛውን ነው። ጋሽ አላምረው ብረቷን ደጋግሞ አያት። ከዚያ ካፖርቱን አውልቆ ከሥሯ ገባ።

የተሰነጠቀውን ቱቦ ቆርጦ ጣለ፣ አዲስ ገጥሞ በብረት ማሰሪያ አጠበቀው። ቂጡ የተቆረጠ የውኃ ጠርሙስ ዘቅዝቄ ስይዝለት፣ አባቴ ቀዩን ዘይት ቀስ እያለ፣ ሞተሯ እየሠራ፣ ደጋግሞ እየለካ ሞላት።

ሰኞ ሉማሜ ሄድን። አባቴ መሪው ላይ፣ እኔ መሐል፣ ጋሽ አላምረው በመስኮቱ በኩል ተቀመጥን። መሪጌታ እህሉን ለመረከብ ከተማ ውስጥ ይጠብቁናል። ስንመለስ ከእህሉ ላይ ለመጫን አብረውን የሄዱት የመሪጌታ ተማሪዎች ተደርድረዋል። የጨሞጋን ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን ጀመርን። የአባቴ ቀኝ እግር ቀስ ብሎ ወረደ። መኪናዋ ማርሿን ቀነሰች፤ ጉልበቷን ስታጠነክር ከወንበሩ ሥር ተሰማኝ። ባለፈው የቆመችበትን ቦታ ደረስን። የገበያው ሰው መንገዱን ለቆ ያየናል። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋም አብራው ሄደች! ጋሽ አላምረው «ኧረ በማርያም!» ብሎ ጭኑን መታ። ከላይ ያሉት ተማሪዎች ምን እንደተፈጠረ ባያውቁም አጨበጨቡ፤ ከዚያ አንዱ ዜማ አነሣና ሁሉም ተቀበሉት። አባቴ ጥርሱን ነክሶ ያለቅስ ነበር። እንደዚያ እያለቀሰ ሲነዳ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዳገቱ ሲያበቃ ጋሽ አላምረው አስቆመን። ሞተሩ እየሠራ የክት ኮቱን እንደለበሰ አቧራው ላይ ተጋደመና ከሥሯ አየ። ተነሥቶ «ደረቅ ናት» አለ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ትጓደድ፣ ጋራዤ ከዛሬ ጀምሮ ላንቺ ክፍት ነው። የፈለግሽውን ፈትተሽ ጠይቂኝ።» ሰውየው ቃሉን ጠበቀ፤ እንዲያውም ለየደንበኛው «አንዲት ፍሬ ልጅ ናት ያስተማረችኝ» እያለ ታሪኩን ከኔ በላይ ያወራው እሱ ነበር። ስለዚህ ጉራዬን ታገሡኝ፤ ብቻዬን የጀመርኩት አይደለም።

ዛሬ የቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ ስለ መኪና አስተምራለሁ። ማርሿን በራሷ የምትቀይር መኪና አሁን ከተማውን ሞልታዋለች፣ የሚስቅባትም የለም። የአንዳንዶቹ ካምቢዮ የዘይት መለኪያ እንኳን የለውም፤ ተማሪዎቼ ኮምፒውተር ሰክተው ሕመሟን ያነባሉ። ጎበዞች ናቸው፣ እኛ በሳምንት ያላገኘነውን በደቂቃ ያገኙታል። አንዳንዴ ግን ኮምፒውተሩን አስቀምጣችሁ መጀመሪያ ከሥሯ ግቡ እላቸዋለሁ። እያጉረመረሙ ይገባሉ።

አባቴ ከዚያ ሰኞ በኋላ ዐሥራ አራት ዓመት ነዳ። ቁይ፣ ጉንደ ወይን፣ ሉማሜ፤ ያልረገጠው ገበያ የለም። አንድ ማክሰኞ ከቁይ ተመልሶ መኪናዋን ግቢ አስገባ፣ ሞተሩን አጠፋና ጥቂት ተቀመጠ። ከዚያ ወርዶ ቁልፉን ለእናቴ ሰጣት። «ዓይኔ ደክሟል። በቃኝ፣ ጠግቤአለሁ» አላት። አሁን ጧት ጧት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። የሚያልፈውን መኪና ያያል፣ ደስ ካለውም ሹፌሩን ያማል። ከመሪው ላይ ማንም አላስነሣውም፤ የተነሣው በራሱ ቀን ነው።