«ተሳስቼ ነበር» ያሉት ፕሮፌሰር ሄልጋ

ዛሬ ጠዋት ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን ባቡር ጣቢያ ቆሜ ባቡር ስጠብቅ ከጄኔቫ አጭር መልእክት ደረሰኝ። «ሄልጋን አጣናት» ይላል። ሌላ ሄልጋ መስላኝ ደግሜ አነበብኩት። ሐሙስ ዕለት እኮ ደውለው ስለ አንድ የጋዝ መምጠጫ ፓምፕ ግማሽ ሰዓት ሲነዘንዙኝ ነበር። ሰው እንደዚያ ነዝንዞ በአራተኛው ቀን ይሞታል?

ባቡሩ መጣ። አልተሳፈርኩም።

ለማታውቋቸው፦ ፕሮፌሰር ሄልጋ ጀርመናዊት የፊዚክስ ሊቅ ነበሩ። በወጣትነታቸው ጄኔቫ ውስጥ አንዲት የአቶም ቅንጣት ከመፈራረሷ በፊት ስንት እንደምትቆይ፣ ማለትም ዕድሜዋን፣ ለክተው ትልቅ ሽልማት ተሸለሙ። እኔ ዙሪክ ባለው ቤተ ሙከራቸው ስምንት ዓመት የሠራሁ ቴክኒሻን ነኝ። ከዚያ በፊት የፊዚክስ ዲግሪዬን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጬ ክሎተን በሚገኘው የዙሪክ አየር ማረፊያ አውሮፕላን አጸዳ ነበር። ሊቀጥሩኝ ሲሉ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መሣሪያ ሲዋሽሽ ይገባሻል?»

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሰው ስለ ሽልማቱ ይጽፋል። አንዳንዱ ደግሞ «ምነው መጨረሻ ላይ የገዛ ስማቸውን ባያበላሹ» ይላል። ያናደደኝ ይሄ ነው። ያን ጊዜ እዚያ ነበርኩና ዝም አልልም።

ያችኑ ቅንጣት በአዲስ መሣሪያ እንድለካ አዘዙኝ። የእኔ ውጤት ከእሳቸው ረዝሞ ወጣ። ደገምኩት፤ ያው ነው። ታዲያ ምን አደረግኩ? ደበቅኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ «መሣሪያው ገና አልተስተካከለም» እያልኩ ዋሸሁ። እናቴን የሚያህሉ፣ ሥራ የሰጡኝ ሴት፣ በምን አፌ ተሳስተዋል ልበላቸው? ይሉኝታችንን ታውቁታላችሁ።

ደረሱበት። ውጤቱን የጻፍኩበትን ወረቀት ወስደው አነበቡት። የተቆጡት በቁጥሩ ሳይሆን በመደበቄ ነው። «መከባበሩን ለምሳ ሰዓት አቆዪው» አሉኝ። ቀጥለው ሁሌ የሚሏትን ደገሟት፦ «መሣሪያ አያከብረኝም፤ ለዚህ ነው የምወደው።»

በማግስቱ አብረን ጄኔቫ ሄድን። የድሮው መሣሪያቸው እስካሁን እዚያ አለ። አዲስ ፓምፕ ገጥመን፣ ድሮ ከውስጡ ያልወጣውን ጥቂት ጋዝ መጥጠን ለካን። የእኔ ቁጥር ወጣ። ለካስ ያ ጋዝ ቅንጣቶቹን ያለ ዕድሜያቸው ሲቀጫቸው ኖሯል። ፕሮፌሰር ወንበር ስበው ተቀመጡና ከቦርሳቸው ዳቦ አውጥተው በሉ። እኔ እያለቀስኩ ነበር።

አንድ የቆዩ ባልደረባቸው ቀስ ብለው «ሄልጋ፣ ተይው። አንቺ ካለፍሽ በኋላ ሌላ ሰው ያስተካክለዋል» አሏቸው።

«እኔ እስክሞት ወጣቶቹ ተመራማሪዎች በተሳሳተ ቁጥር ይሥሩ?» አሉ። እዚያው ላፕቶፕ ከፍተው «ተሳስቼ ነበር» ብለው ለሳይንስ መጽሔት የእርማት ጽሑፍ ጀመሩ። የእኔን ስም ከራሳቸው ስም አስቀድመው ጻፉት። ልከራከር ስል «የለካሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ፤ አለቀ።

ስም ማበላሸት ይሄ ነው? የተሸለመ ሰው ሞልቷል። የተሸለመበትን ሥራ በገዛ እጁ ያፈረሰ አንድ አሳዩኝ።

ከሰዓት በኋላ የቅዳሜውን የስንብት ፕሮግራም የሚያዘጋጁ ሰው ደወሉልኝ። ሁለት ደቂቃ ተናገሪ፣ «ያንን ጉዳይ» ግን አታንሺ፣ ቀኑ አይደለም አሉኝ። ከሱ ሌላ የምናገረው የለኝም አልኳቸው። ስሜን ከተናጋሪዎቹ ዝርዝር አወጡት። ያውጡት።

ፕሮፌሰር፣ ቅዳሜ መጥቼ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ ስለ ሽልማቱ ያሻቸውን ይበሉ። እርስዎ ተሳስተው ነበር፤ ተሳስቼ ነበር ብለውም በስምዎ ፈርመዋል። ከእርስዎ ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ከዚያ የበለጠ ነገር አላየሁም።

ደህና ይሁኑ። ይህን አልደበቅኩም።