ነጭ ድንጋዮች ከመጠለያው ክፍል ደጃፍ

እናቴ ካርሜ ጋት ሰፈር ወዳለው ቤቴ የመጡት በጉልበታቸው ምክንያት ነው። ቂርያት ጋት ከተማ መሀል የነበሩበት አሮጌ ፎቅ መጠለያ ስለሌለው፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሳይረን በጮኸ ቁጥር ወደ ደረጃው መሮጥ ነበረባቸው። የእኔ ቤት ግን ማማድ አለው፤ ወፍራም የሲሚንቶ ግድግዳና የብረት በር ያለው ክፍል። አልጋቸውን እዚያ ዘረጋሁላቸው። "እስር ቤት ይመስላል" አሉ እንጂ ተኙበት።

ነገሩ ከነከነኝ። ከፋብሪካ ፈረቃ እግሬ አብጦ ስመለስ፣ ቤት የሚያሳምሩ ሴቶችን በስልኬ ማየት ጀመርኩ። እነሱ እየሳቁ፣ ጥፍራቸው እንኳ ሳይነካ፣ በአንድ ከሰዓት ቤት ይለውጣሉ። ጉልበቱን ከየት እንደሚያመጡት እንጃ። እኔ ግድግዳውን ቢጫ ለመቀባት ብቻ የእረፍት ቀኖቼን ጨረስኩ። የማማድ ግድግዳ እንደልብ አይበሳም፤ መደርደሪያውን በማጣበቂያ ሰቀልኩትና ሳይነጋ ተገንጥሎ ወደቀ። የብረቱን መስኮት እንዲሸፍን ከአሮጌ አንሶላ መጋረጃ ሰፋሁ፤ አንዱ ጎኑ አጠረ። እንዳጠረ ተውኩት። በመጨረሻ ኮሪደሩ ላይ፣ ከክፍሉ በር ፊት፣ ለስላሳ ነጭ ድንጋዮች በግማሽ ክብ ደረደርኩ። ለእግር ማለፊያ ትቼ፣ በየመሀሉ ትናንሽ ተክሎች አስቀመጥኩ። ከሠራሁት ሁሉ ያማረልኝ ይሄ ብቻ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ እናቴ ሳሎን ሶፋው ላይ ተኙ። "ጉልበቴ ነው" አሉ። በማግስቱም እዚያው። ተናደድኩ። ይሄ ሁሉ ልፋት ለማን ነው? ኩርፊያዬን ሳህን እያንኳኳሁ ተወጣሁት።

አንድ ከሰዓት ሳይረኑ ጮኸ። እኔ ቀድሜ ገብቼ የብረቱን በር ይዤ ቆምኩ። እናቴ ድንጋዮቹ ጋ ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

"እማዬ፣ ይግቡ እንጂ!"

"አልገባም። አንቺ ዝጊው።"

እጃቸውን ብስብ እንደ ግንድ ከበዱኝ። ጊዜ አልነበረም። ወጣሁና ኮሪደሩ ወለል ላይ አስቀምጫቸው ከላያቸው ተደፋሁ። ፍንዳታው ከሩቅ ተሰማ፤ የሳሎኑ መስኮት ተንቀጠቀጠ። ሁሉም ጸጥ ሲል ጮህኩባቸው።

"በድንጋጤ ሊገድሉኝ ነው እንዴ?"

በአገጫቸው ወደ ድንጋዮቹ አመለከቱ። "የመርገም ጎጆ አድርገሽዋል" አሉ።

ስለ ጎጆው ሰምቻለሁ። አገር ቤት የእኛ የአይሁዳውያኑ ሴት ደም ስታይና ስትወልድ ከሰው ተለይታ የምትቀመጥበት ነው። ዙሪያው በድንጋይ እንደሚከለል ግን አላውቅም ነበር፤ እዚህ አገር በልጅነቴ ነው የመጣሁት።

"ከአንቺ በፊት የወለድኳት እዚያ ውስጥ ሞተችብኝ" አሉ፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ። "እናቴ ከድንጋዩ ማዶ ቁመው አለቀሱ። ሕጉ ነውና አልተሻገሩም።"

እህት እንደነበረችኝ እንኳ ነግረውኝ አያውቁም። ፈረቃ የማያመጣው፣ እንቅልፍም የማይወስደው ድካም ወረደብኝ፤ ከጎናቸው ለመነሳት ጥቂት ቆየሁ።

ከዚያ ባልዲ አመጣሁ። እናቴ ከወለሉ ሳይነሱ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አቀበሉኝ። ተክሎቹን ወጥ ቤት አስገባሁ። ደግፌ ሳስገባቸው ያለ አንዳች ክርክር ገቡና ከተንሻፈፈው መጋረጃ ስር ጋደም አሉ። እንዲያርፉ ብዬ፣ ወጥቼ በሩን ልስብ ስል ጠሩኝ።

"ዝጊው" አሉ። "አንቺ ግን ከውስጥ ሁኚ።"