ባሏ ያልሞተባት መበለት

አርጂያ በጣሊያኗ የኮማኪዮ ከተማ፣ ድልድይ ሥር እባብ የሚመስለውን የኩሬ ዓሣ ስትሸጥ ሃያ ዓመት ሆኗታል። ጩኸቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይበልጣል እየተባለ ይቀለድባት ነበር። አንድ ቀን ዝነኛው የፊልም ዳይሬክተር ቬንቱሮሊ በዚያ ሲያልፍ ሰማትና፣ ባሏን ውሃ የበላባት ሴት ሆና እንድትተውን ለመናት።

ካሜራው ፊት ቆመች፤ እንባው ግን እምቢ አለ።

«አልቅሺ እንጂ፣ ሲኞራ!» አላት።

«እንዴት ብዬ ጌታዬ? ባሌ ኦሊንዶ ያውና፣ ዳቦውን እየገመጠ ይስቅብኛል!»

ዳይሬክተሩ ባሏን ለምኖ በጀልባ ወደ ኩሬው እልም እንዲል አደረገው። ኦሊንዶም በዚያው ማጥመዱን ተያያዘውና ሰዓቱን ረሳ። ጉም ወረደ። አርጂያ ትወናውን ትታ ውሃ ውሃውን ታይ ጀመር፤ እንባዋም መጣ። ቬንቱሮሊ ቀስ ብሎ በካሜራው ይቀርጻት ጀመር።

ጀልባዋ ብቅ ስትል አርጂያ እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ገባች።

«አንተ የማትረባ! ገደልከኝ እኮ!» እያለች፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም፣ ባሏን በቅርጫት ትነርተው ጀመር።

ቬንቱሮሊ ታሪኩን ለወጠውና በፊልሙም ባልየው በሕይወት ተመለሰ። አገሩ ሁሉ ወደዳት። ኋላ ዳይሬክተሩ ለሌላ ሥራ ሁለት ጊዜ ወደ ሮም ቢጠራት፣ «ዓሣዬን ማን ይሸጥልኛል? ኦሊንዶንስ ማን ይቆጣዋል?» ብላ መለሰችለት። እሱም እስኪያረጅ ድረስ በየመኸሩ እየመጣ ከነኦሊንዶ ጋር የዓሣ ጥብስ ሲበላ ኖረ።